እሪታውን ማን ይመልሰው?

በእኛ አገር እሪታ ከተሰማ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዱላ ያለው ዱላውን፣ አካፋ ያለው አካፋውን ይዞ ወደ ጩኸቱ ይሮጣል፤ ምክንያቱን እዚያው ሲደርስ ይሰማል። ቆሞ "ምን ሆነች? ማን ነካት?" ሲል የተገኘ ሰው የሰሞኑ መሳቂያ ነው፤ ነገ የእሱ ቤት ሲቃጠልም ሌላው ቆሞ ይጠይቃል። ደግ ልማድ ነው፤ ስንቱን ቤት ከእሳት፣ ስንቱን ከብት ከሌባ አድኗል። ግን ጉድም አለበት። መጥራቱን ማንም ይችላል፤ መመለሱ ነው ጭንቁ።

ደምበጫ አግብቼ በመጣሁ ሰሞን፣ ከጓሯችን በኩል ያለች አንዲት ጎረቤት ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ጅብ አህያዋን ሊይዝባት ሲል አይታ እሪ አለች። ጅቡ በመጀመሪያው ጩኸት ነው የጠፋው። ሰፈሩ ግን ገና መምጣቱ ነበር። ከላይም ከታችም ጎረፈ። ዱካ እንፈልጋለን ብለው የሴትዮዋን ባቄላ እንዳልነበረ አድርገው ረገጡት፣ አጥሯን ገነጠሉት፣ አህያዋም የሰዉን ብዛት አይታ ገመዷን በጥሳ ጠፋች። ሴትዮዋ "ኧረ ሄዷል! ኧረ ተመለሱልኝ!" እያለች ከወዲያ ወዲህ ትሮጣለች፤ ማን ይስማት። ሰው የቆመው በመጨረሻ ወደ ጉብታው ወጥታ እልል ስትል ነው። በእኛ ዘንድ እሪታን ሌላ ሰው አይመልሰውም፤ እሪ ያለው አፍ ራሱ እልል ማለት አለበት።

"ጅቡ ቢመጣ የሚበላው አህያዋን ብቻ ነበር" አሉ አማቴ፣ ማታ ቤት ገብተን። ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ። ከእሳቸው ጋር አብረን የሳቅንበትን ቀን መቁጠር ቀላል ስለነበረ ነው የማስታውሰው።

ነገሩ በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፤ ጥቂት ክፍል ተምሬአለሁ፣ ምላሴም ከእኔ ቀድሞ ይሄዳል። አማቴ ይህን ሁሉ አንድ ላይ ጠቅልለው "የማርቆስ ልጅ" ይሉኝ ነበር። ወጡ ጨው ቢያንሰው የማርቆስ ልጅ፣ በሩ ክፍት ቢያድር የማርቆስ ልጅ። እኔም "እማማ" እላቸዋለሁ፣ አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ፣ ጓዳ ገብቼ ደግሞ ለምጣዱም ለማሰሮውም የምለውን እላለሁ። ክፉ ሴት አልነበሩም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ እኔ መጥቼ ተካፈልኳቸው። አሁን ሳስበው፣ እኔም ብሆን ምራቴን በአበባ አልቀበላትም ነበር።

ባለቤቴ አናጢ ነው። እጁ የተባረከ፣ አፉ ቁጥብ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወደ ዲማ በኩል ያለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን በሯ ተሰነጣጥቆ ኖሮ ሥራልን ብለው ወሰዱት። ሠርቶ ሲመለስ መንገድ ላይ ዝናብ ሲደበድበው ዋለ። ያሳደሩት ሰዎች ብርድ ሲያንዘፈዝፈው አይተው አዘኑለትና የበግ ቆዳ ደበሎ አለበሱት። ደበሎው ይሞቅ ነበር፣ እግዜር ይስጣቸው። ውስጡ ያለው ግን ሙቀት ብቻ አልነበረም።

ቤቱ ገብቶ ከሰነበተ በኋላ አንድ ቀን ማለዳ መጋዙን እንደያዘ ቁጭ አለ። "ራሴን" አለ። ብርድ ብርድ አለው፣ ከዚያ ጋለ። እጄን ግንባሩ ላይ ባሳርፍ ምድጃ ነው። ባቱንና መገጣጠሚያውን "ሰበሩኝ" ይላል። አማቴ አንድ ጊዜ አየት አደረጉትና "ምች ነው" አሉ። ዳማከሴ ቀጥፈው መጡ፣ በመዳፋቸው አሹት፣ አስነጠሱት፣ ገላውን ሁሉ ቀቡት፣ ጋቢ ደራርበው በሩን ዘጉበት። ቀናት እንዲህ ከነደደ በኋላ በላብ ተጠመቀና ትኩሳቱ ውልቅ አለ። በማግስቱ ተነሥቶ እንጀራ በላ። አማቴ ያን ቀን በቤቱ ውስጥ ሲዘዋወሩ መሬት አይነኩም ነበር።

"አየሽ የማርቆስ ልጅ" አሉኝ፤ "ዳማከሴ ትምህርት ቤት አይገባም።"

ምን እላለሁ? ልጁ ድኗል። ጎረቤት ሁሉ መረቃቸው፣ እኔም መረቅኋቸው።

ሳምንት እንኳ በወጉ ሳይሞላ አገረሸበት። የአሁኑስ፣ የመጀመሪያው ጨዋታ ነበር አስባለን። የነሥሩ ደም አልቆም አለ። አንዱ ሲያወራው ለሌላ ሰው ይመልሳል። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ጧት መስኮቱን ስከፍት የዓይኑ ነጭ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ አየሁት።

"የወፍ በሽታ ነው" አሉ አማቴ። ድምፃቸው ተቀይሯል።

"ጤና ጣቢያ እንውሰደው፣ እማማ።"

"የወፍ በሽታ መርፌ አይወድም! መርፌ ከነካው ያን ቀን ይሞታል። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም።"

እንዲህ ሲሉ ዝም ብሎ ግትርነት እንዳይመስላችሁ። ባላቸው የሞቱት በመርፌ ማግስት ነው። ሰውየው ታመው ታመው፣ አልቆላቸው ነበር የተወጉት፤ ይህን ሰው ሁሉ ይናገራል። አማቴ ግን ያዩትን አይተዋል፤ መርፌው ገባ፣ ባላቸው ወጡ። እኔ ደግሞ በማርቆስ መርፌ ተወግተው የዳኑ ሰዎችን አይቻለሁ። ሁለታችንም ያየነውን ይዘን፣ በታመመው ሰው ራስጌ፣ ጎረቤት ባለበት ተፋጠጥን።

"ተሸክሜም ቢሆን እወስደዋለሁ" አልኩ።

"ቢሞትስ?"

"ቢሞት እኔ ነኝ የገደልኩት!"

አይ ምላስ። አማቴ ወደ ጎረቤቶቹ ዞር ብለው "ሰምታችኋል" አሉ። ሰምተዋል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ባሌ ቢሞት ባሌን ብቻ አይደለም የማጣው፤ ዕድሜዬን በሙሉ ባሏን አስወግታ የገደለች ሴት ተብዬ ነው የምኖረው። በዚያ አገር ይህ ስም ከሰው አይለቅም።

የሰፈር ወንዶች በቃሬዛ ተሸከሙት። የገበያ ቀን ነበር፤ በእህልና በበርበሬ፣ በፈረስና በአህያ መካከል ገፍተን ነው ያለፍነው። ጤና ጣቢያው ከገበያው ጫፍ ያለ ባለ ቆርቆሮ ቤት ነው። የሚያክመው ድሬሰር ወጣት ነው፣ የእኔ እኩያ ቢሆን ነው፤ ሰው ሁሉ "ዶክተር" ይለዋል፣ እሱም "አይደለሁም" ማለቱ ሰልችቶት ትቶታል። ጥግ ላይ ያለች የላምባ ምድጃ መርፌዎቹን በድስት ትቀቅላለች። ባሌን አስተኝቶ ዓይኑን ገልጦ አየ፣ በግራ ጎኑ ከጎድኑ ሥር ጫን ሲለው ባሌ ጮኸ። "ጣፊያው አብጧል" አለ። ከዚያ የሸሚዙን ኮሌታ ገልብጦ ስፌቱን በጥፍሩ ፈለግ ፈለግ አደረገ።

"ከዚህ በፊት ድኖ ነው ያገረሸበት?"

"አዎ፣ ዶክተር።"

"የወፍ በሽታ አይደለም። ይህ የሚያገረሽ ትኩሳት ነው። የሚመጣው በቅማል ነው።"

አማቴ ከበሩ ላይ እንደቆሙ ፈነዱ። "ልጄን ቅማላም! ልጄ ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ሄዶ ነው የመጣው! ከታቦት ደጅ በሽታ አይመጣም!"

"በረከቱ ከታቦቱ ነው፣ እናቴ" አለ ድሬሰሩ፣ ቀና ሳይል። "ቅማሉ ግን ከደበሎው ነው።"

"እኔ ይህን መርፌ ቆሜ አላይም" አሉና ወጥተው ከአጥሩ ሥር ተቀመጡ። ድሬሰሩ ፔኒሲሊኑን እየቀዳ ለእኔ ብቻ የነገረኝ ስለዚህ ነው። ሰማይ ያውቃል፣ እሳቸው ውስጥ ቢቆዩ ኖሮ ለሁለታችንም ይነግረን ነበር።

"እህቴ፣ ስሚኝ። መርፌው ከሠራ ይብስበታል። አልሠራም ማለት አይደለም። መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ከአሁኑ የባሰ ይግላል፣ ይቃዣል። ኋላ ያልበዋል። ላቡ እስኪመጣና እስኪረጋጋ ድረስ ከዚህ አልጋ እንዳይነሣ። ተሸክመው ቢወስዱት ልቡ መንገድ ላይ ትደክማለች። ገባሽ?"

"ገባኝ" አልኩ። እውነትም የገባኝ መስሎኝ ነበር።

ወጋው። ጥቂት ጊዜ ምንም የለም። እጁን ይዤ ተቀምጬ፣ ገበያው ሲያጉረመርም እየሰማሁ፣ "ምንም አልሆነም እኮ፣ እማማን ልጥራቸው" እያልኩ ነበር። ከዚያ መንጋጋው መገጨት ጀመረ። ጥርሱ ተንኳኳ። ትከሻው፣ ጉልበቱ፣ ገላው በሙሉ ተንዘፈዘፈ፤ የብረት አልጋው ከሲሚንቶው ላይ እየተነሣ ይንቋቋ ጀመር። ራስጌው ያለው ጣሳ ወድቆ ተንከባለለ። ከንፈሩ ጠቆረ። "አለሁ፣ እኔ ነኝ" ብዬ ብጠራው ዓይኑ በእኔ ላይ አልፎ ጣሪያውን ያያል። ሲነግሩ መስማትና ሲመጣ ማየት ለየቅል ነው።

በዚያች ቅጽበት መስኮቱ ላይ የአማቴን ፊት አየሁ። ልጃቸውን አዩ። ፊታቸው ከመስኮቱ ጠፋና ድምፃቸው መጣ።

"እሪ! እሪ በሉልኝ! ልጄን በመርፌ ገደሉት! አንድዬን ገደሉት!"

የገበያ ቀን፣ እናት፣ ያን የመሰለ ጩኸት። ከገበያው በኩል ያለው ጉርምርምታ ድንገት ቀጥ አለ፤ ቀጥሎ ያለው የእግር ድምፅ ነው።

እኔ ምን አደረግሁ? አክብሬ "ዶክተር" ስለው የነበረውን ሰው ደረቱን ያዝኩት። "ገደልከው አንተ! ገደልከው!"

አልተቆጣም። እጄን ከደረቱ አላቅቆ ወደ ባሌ አንጓ ወሰደና አስያዘኝ። ከጣቴ በታች የደም ሥሩ ይሮጣል። "አልሞተም። የሞተው በደሙ ውስጥ ያለው ተባይ ነው። መርፌው ባንዴ ፈጀው። አሁን ይህን የሚያደርገው በሽታው አይደለም፣ የራሱ ገላ ነው።"

"ገላው ምን ሆኖ?"

"የሞተው ሁሉ ሲራገፍበት ጊዜ ደንግጦ ነዋ! እነሱ ውጭ ምን እያደረጉ ነው? እሱ ነው።"

አየሁት። በዚያ ሁሉ ጭንቀት መካከል፣ የጎረቤቴ የተረገጠ ባቄላ መጣብኝ። ጅቡ ሄዷል፤ ሰፈሩ ገና መድረሱ ነው።

"ታዲያ ማነው የሚመልሰው?"

"ራሱ። ገላው ራሱ ይመልሰዋል።"

"ካልመለሰስ?"

ጎንበስ ብሎ የባሌን ትንፋሽ አዳመጠ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሕክምና የተማረች የእህቴን ልጅ ይህንኑ ጠየቅኋት። በቋንቋዬ እንድትነግረኝ ለምኛት ነው የነገረችኝ። በደማችን ውስጥ ዘብ የሚጠብቁ ሕዋሳት አሉ አለች። ጠላት ሲያዩ፣ ወይም የጠላት ፍርስራሽ ድንገት ሲያጥለቀልቃቸው፣ በደም ውስጥ መልእክት ይለቃሉ። መልእክቱ አንጎል ሲደርስ "ሙቀት ጨምር" ነው፤ ደም ሥር ሲደርስ "ተከፈት"፤ ሌሎች ዘቦች ዘንድ ሲደርስ "ኑ ድረሱ"። የተጠራው ደግሞ ራሱ ሌላውን ይጠራል። ትኩሳቱም፣ እብጠቱም፣ መንቀጥቀጡም ይኸው ነው። ከኩላሊት በላይ ያለ ዕጢ ማብረጃ ይልካል አለች፤ ግን እሱ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ የጮኸው ያው ዘብ ራሱ ቆየት ብሎ ሌላ መልእክት ይለቃል፤ "በቃ፣ ተመለሱ" የሚል። ብዙ ጊዜ ይመለሳሉ። አንዳንዴ እንቢ ይላሉ፤ ያኔ ሰውየውን የሚጎዳው ጠላቱ ሳይሆን ሊያድነው የመጣው ነው። ልጅቷ ይህን ሁሉ በቁም ነገር ስትነግረኝ እኔ ሳቄ መጣ። "ምነው?" አለች። "የደምበጫን ሰው ነው የምትነግሪኝ" አልኳት።

ያን ቀን ግን አልሳቅሁም። ባሌ እየነደደ ይቃዣል፤ አጥሩ ሲገነጠል ሰማሁ። ድሬሰሩ ውጭ ያሰጣው ነጭ ልብስ በእግር ሥር ሲሄድ አየሁ። በሩ ላይ ከፊት የመጣው የባሌ አጎት ነው፣ ትልቅ ሰው፣ ሽመሉን በሁለት እጁ ይዞ። ከኋላው ቃሬዛውን ያነሡ ጎረምሶች።

"ዞር በይ" አለኝ። "ልጃችንን አውጡ። ከቤቱ ይሙት። የውሻ ሞት በባዕድ አልጋ አይሞትም።"

እኔ በሩ መሐል ቆሜአለሁ። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ አላውቅም፤ አግዳሚ ወንበሩን በበሩ ላይ ጋርጄዋለሁ። "አልሞተም፣ አባቴ። ከተነሣ ግን ይሞታል። ላቡ እስኪመጣ ነው።"

"ማን አለሽ?"

"ዶክተሩ!"

"ገዳዩ!" አለ አንዱ ከኋላ። ድንጋይ ቆርቆሮው ላይ ወደቀ። ሌላም ተከተለ። አጎትየው አግዳሚውን በእግሩ ገፋው። ይህን የማደርገው በጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ከፍርሃት ብዛት እልህ ያዘኝ። በዚያ ሰዓት ማንም ቢገፋኝ እነክሰው ነበር።

"አንድ ሰው ብቻ ይግባ!" አልኩ። "እናቱ ይግቡ! እናቱ አይተው ሞቷል ካሉ እኔንም አብራችሁ ውሰዱኝ!"

ይህ አቆማቸው። እናት ትግባ ሲባል የሚከለክል የለም። መንገድ ከፈቱ። አማቴ ነጠላቸውን ለለቅሶ አዙረው ለብሰው ገቡ፤ ደረታቸው ከመመታቱ ብዛት ቀልቷል። ወደ እኔ አላዩም። ልጃቸው አጠገብ ሲደርሱ ለመንበርከክ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩና በባሌ አንገት ላይ፣ ከጆሮው ሥር አሳረፍኩት። ለምን ያን እንዳደረግሁ እግዜር ይወቀው። መንቀጥቀጡ ቆሞ ነበር፤ መቼ እንደቆመ ከእኔ ጋር ከበሩ ላይ የነበረው ሁሉ አላየም።

አማቴ እጃቸውን አንሥተው መዳፋቸውን አዩ። እንደገና አሳረፉ፤ ግንባሩ ላይ፣ ደረቱ ላይ።

"ላብ ነው" አሉ።

በዳማከሴ ስንቱን ያላቡ ሴት ናቸው፤ የሞት ላብና የመዳን ላብ ልዩነቱን እጃቸው ያውቀዋል። በጣታቸው ጠረጉት፣ እንደገና መጣ። ሸሚዙ ረጠበ፣ ጋቢው ረጠበ። ድሬሰሩ ጎንበስ ብሎ አንጓውን ያዘ፤ "እየቀዘቀዘ ነው። አታንሱት፣ አሁንም አታንሱት" አለ፤ ድምፁ ግን ላላ ብሏል።

ባሌ ዓይኑን ገለጠ። ቢጫ ነው፣ ግን የሚያየው እኛን ነው። ከውጭ ጩኸቱ አልበረደም፤ አንዲት ሴት ሙሾ አውርዳለች፣ ሌሎች ይቀበሏታል። አዳመጠ። አማቴን አየ፣ የዞረውን ነጠላ አየ።

"እማማ" አለ፣ በተሰነጠቀ ከንፈር። "ማን ሞተ?"

"ማንም! ማንም አልሞተ ልጄ፣ ክፉ አይንካህ!"

"ታዲያ እነዚያ ማንን ነው የሚያለቅሱት?"

እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ፤ ልሳቅ ላልቅስ አላወቅሁም። "ውኃ" አለ ባሌ። ጣሳውን ከወደቀበት አነሣሁ፣ ድሬሰሩ ሞላልኝ፣ ጠጣ። ሲውጥ ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ሲል አማቴ አብረው ይውጡ ነበር።

በሩ ላይ ያለው ግን ይህን አላየም። አግዳሚው እንደገና ተገፋ። ድሬሰሩ ወደ በሩ ሊሄድ ሲል ያዝኩት፤ እሱ ቢወጣ የሚሰማው የለም፣ የሚሰማው ዱላ ብቻ ነው።

"እማማ" አልኩ፤ "እሪታው የእርስዎ ነው።"

አዩኝ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አዩኝ። ነጠላቸውን ፈትተው ወደ ደህናው አዙረው ለበሱ፤ ጫፉን እኔ አስያዝኳቸው። አግዳሚውን አንሥቼ መንገድ ለቀቅሁ። ወጥተው ደረጃው ላይ ቆሙ። ሰዉ መሞቱን ሊነግሩት መሰለውና ጸጥ አለ። ከዚያ እልል አሉ። የተሰበረች፣ የሰለለች እልልታ ናት፤ መሐል ላይ ተቆርጣ እንደገና ቀጠለች።

"ተመለሱ! ልጄ ውኃ ጠጣ! ደህና ነው፣ በቃ ተመለሱ!"

"እንዴ!" አለ አጎትየው፣ ሽመሉን እንደያዘ። "ሞተ ብለሽ አልነበር እንዴ ያስጮኽሽን?"

"አዎ ጮኽኩ! ልጄ ነው! ላንተም እጮሃለሁ ብትታመም!"

አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሌላው። ሙሾ ስታወርድ የነበረችው ሴት ሳትጨርስ እልልታ ጀመረች። አንድ ነጋዴ "ቅቤዬ!" ብሎ ወደ ተዋት ቅል ሮጠ፤ ሁሉም ጥሎት የመጣውን አስታወሰ፤ ገበያው ወደ ገበያው ተመለሰ። አጎትየው ብቻ ቀረ፤ የገነጠሉትን አጥር አየና ሽመሉን አስቀምጦ እንጨቶቹን መልሶ ይሰካ ጀመር። ለድሬሰሩ ምንም አላለውም። ግን አጥሩን ሠርቶ ነው የሄደው።

ባሌ ተኛ። ይህን ጊዜ እውነተኛ እንቅልፍ ነው፤ እያንኮራፋ። ድሬሰሩ ልብሱ በሙሉ መቀቀል አለበት ሲል አማቴ ያለ አንድ ቃል ሸሚዙንም ጋቢውንም ጠቅልለው ተነሡ። በዚያው በጤና ጣቢያው ጓሮ፣ ሰው እያየ፣ የልጃቸውን ቅማል ቀቀሉ። ተመስገን ነው የምለው፤ ከዚያ ወዲህ አላገረሸበትም። ዛሬም ጎረቤት ለቅሶ ሲሆን ከደጅ ሆኖ "ማን ሞተ?" ካለ እኔ ከጓዳ "አንተ አይደለህም" እለዋለሁ።

የቀረው የእኔ ነው። ሁሉም ሲያልቅ፣ ሰው ሄዶ፣ ባሌ ሲያንኮራፋ፣ ከአልጋው ሥር ሲሚንቶው ላይ ቁጭ እንዳልኩ መንጋጋዬ መገጨት ጀመረ። ብርድ የለብኝም። ፈራሁ እንዳልል ፍርሃቱ አልፏል። ትከሻዬ፣ ጉልበቴ ይንዘፈዘፋል፤ እንባዬ ይወርዳል፤ ላቆመው ብል አይቆምም። "ምንም አልሆንኩም፣ ምንም አልሆንኩም" እላለሁ፣ ጥርሴ ቃሉን ይቆራርጠዋል።

አማቴ ከጓሮ ሲመለሱ አዩኝ። እጃቸው እርጥብ ነው፣ ጭስ ጭስ ይላሉ። "የማርቆስ ልጅ" ሊሉኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አጠገቤ ሲሚንቶው ላይ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ተቀመጡ። ሁለቱን እጆቼን በእጃቸው ጠቅልለው ጉልበታቸው ላይ ያዙ።

"በቃ" አሉ። "በቃሽ ልጄ። ተመልሷል፤ አንቺም ተመለሽ።"

ወዲያው አልቆመም። እሳቸው ግን እስኪቆም ድረስ እጄን አልለቀቁም።